በገልባጭ የተጫነ ወንዝ

አጎቴ የውሃ አባት ነበሩ። ከግራና ከተማ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን የውሃ አባት ማለት ከወንዙ የተጠለፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍል፣ ገበሬው ራሱ መርጦ የሚሾመው ሰው ነው። ደመወዝ የለውም። አጎቴ የሙስሊሙ ተራ ከጁምዓ ሰላት፣ የክርስቲያኑ ደግሞ ከእሑድ ቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ አድርገው ሲደለድሉ ኖረዋል። በእሳቸው ጊዜ በውሃ የተነሳ ዱላ የተማዘዘ ሰው አላየሁም።

እኔ እርሻውን ትቼ መርሳ ገባሁና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ያኔ ሰው ሁሉ ቤት መሥራት ይዞ ነበር። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን በሰው ቤት ወገባቸው እየተቆረጠ የላኩት ገንዘብ ግድግዳ ሆኖ ይቆም ጀመር። እነሱን አልወቅስም፤ የገዛ ታናሽ እህቴም ከነሱ አንዷ ናት። ወልድያም ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነበር። ለዚህ ሁሉ አሸዋ ያስፈልጋል፤ አሸዋው ደግሞ ያለው እኛ ወንዝ ውስጥ ነው። የአንድ ነጋዴ ገልባጭ መኪና ተረክቤ አሸዋ ማመላለስ ጀመርኩ።

መጀመሪያ በአካፋ ነበር። የመንደሩ ጎረምሶች ይጭናሉ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የተወሰደውን መልሶ ይሞላዋል። ኋላ ሎደር መጣ። ሎደሩ በጥቂት ቀን የሚዝቀውን ጎርፉ ክረምቱን ሙሉ ቢወርድ አይመልሰውም። ጉድጓዱ እየሰፋ ሽቅብ ወደ ጠለፋው ተጠጋ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ጭኛለሁ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት አጎቴ መኪናዬ ፊት ቆሙ።

"ውረድ" አሉኝ።

ወረድኩ። ክንዴን ይዘው ወደ ጠለፋው አፍ ወሰዱኝ፤ ውሃው በድንጋይና በቅጠል እየተገደበ ወደ ቦያችን ይገባበት የነበረው ቦታ ነው። ወንዙ ከቦዩ አፍ አንድ የሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ቦዩ ደርቆ ከላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

"ውሃ ሽቅብ ይወጣል?" አሉኝ።

"አይወጣም፣ አያ።"

"እንግዲህ ምኑን ላካፍለው?"

"እኔ ባልጭነው እኮ ሌላው ይጭነዋል፣ አያ።"

"ሌላውማ ይህን ውሃ ጠጥቶ አላደገም። እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።"

ቁልፉን የዚያኑ ቀን ለባለመኪናው መለስኩ። ማንም ግን ለዚህ እንዳያመሰግነኝ። በማግስቱ ሌላ ሹፌር ተቀመጠበት፤ መኪናው አንድም ምልልስ አልጎደለበትም።

ገበሬው አቤት ሲል ስብሰባ ተጠራ። ከከተማ የመጣው ኃላፊ ወንዙን ወርዶ እንኳ አላየም። "አሸዋ የመንግሥት ሀብት ነው፤ ልማት አታደናቅፉ" አለን። "ለውሃው ሞተር ግዙ። እስከ መቼ በቦይ?"

አጎቴ ተነሱ። "ጌታው፣ ይህ ውሃ በገዛ እግሩ ይመጣልን ነበር። አሁን እግሩን ቆርጣችሁ ምርኩዝ ግዙለት ትሉናላችሁ?"

ሰው አጉረመረመ። ኃላፊው ሰዓቱን አየና "ሐሳብዎ ተይዟል፣ አባት" አለ። ተይዟል! የት እንደተያዘ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሞተሩንም የገዛው ገዛ። ከዓረብ አገር የሚላክለት ገዛ፤ የማይላክለት የጎረቤቱን ሞተር ድምፅ ሲሰማ ይውላል። ባለሞተሩ ባሻው ሰዓት ይስባል። ተራ የለም፣ ጁምዓ የለም፣ እሑድ የለም። ስንት ዘመን በአንድ ዕድር የኖረ ሰው በጎማ ቱቦ ተጣላ። የሚዳኝ ሲፈለግ ወደ አጎቴ ይመጣሉ፤ እሳቸው ግን የሚያከፋፍሉት ነገር የላቸውም።

እህቴ ይህን ሰምታ ደወለች። "ለአያ ሞተር ልግዛላቸው፣ ጠይቅልኝ" አለችኝ። ጠየቅኋቸው።

"እግዜር ይስጣት። እኔ ውሃ ስስብ ጎረቤቴ ቆሞ ሊያየኝ ነው?" አሉና እንቢ አሉ።

ተናደድኩባቸው። በዚያ ቦይ ውሃ ያሳደጉት የብርቱካን ማሳ እየደረቀ ኩራት ምን ያደርጋል ብዬ አሰብኩ። ኩራት እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መጋቢት ላይ የመንደሩ ሴቶች የመኪናውን መንገድ በእሾህ አጠሩት። ፖሊስ መጣ፤ አጎቴንና ሁለት ሽማግሌዎችን ወስዶ አንድ ቀን አሳደራቸው። በጠለፋው አካባቢ መቆፈር የተከለከለው ከዚያ በኋላ ነው። ኃላፊዎቹ መጥተው ምልክት ተከሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ወንዙ እንደሆነ አንዴ ወርዷል፤ በክልከላ አይነሣም። አሸዋችን ወልድያ ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው፤ ማን ያወርድልናል?

አሁን ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ እነዳለሁ። ባለፈው ዓመት አጎቴ አስጠሩኝ። ሄጄ ሳያቸው ብርቱካኑ መካከል መጥረቢያ ይዘው ቆመዋል። "ክንዴ ደከመ፤ አንተ ቁረጥልኝ" አሉ። ሊቀጡኝ አልነበረም፤ እውነትም ደክሟቸዋል። ያ ግን ይበልጥ አመመኝ። ግንዱ ደርቆ መጥረቢያውን እንደ ድንጋይ ያነጥረዋል። እሳቸው ከኋላዬ እየተከተሉ ቅርንጫፉን ይሰበስባሉ።

ዳር ያለችውን አንዷን ልጀምር ስል እጄን ያዙ። "ያቺን ተዋት፤ ገና ቅጠል አላት።"

ተውኳት። ሰኔ እስኪመጣ አልቆየችም።