እትዬ ፍሬም አልፈርምም ያሉ ዕለት

የሥዕል ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ «እትዬ ፍሬም» ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ሰሞን ስሙን ሲሰሙ ተቆጥተው ነበር፤ ኋላ ግን ወደዱት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከኤግዚቢሽን አዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እንጨት ሲለኩ፣ ሲቆርጡ፣ ለሥዕል ፍሬም ሲገጥሙ ኖረዋል። ምላሳቸው ከመጋዛቸው ይስላል። ክፋት ግን የለባቸውም፤ ቅጥፈት ነው የማይወዱት።

ቤቱ አንድ የቆየ ደንብ አለው። ፍሬም የገጠመ ሰው ሥዕሉን አገላብጦ ያይና፣ ጀርባው ላይ በሚለጠፈው ወረቀት የማን ሥራ እንደሆነና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጽፎ፣ «አይቼ ገጥሜያለሁ» ብሎ ይፈርማል። ያ ፊርማ ከሌለ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ አይወጣም። ሌላው እንደ ዋዛ ሊፈርም ይችላል። እሳቸው ሳያዩ ፈርመው አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ አንድ ጥቅል ሸራ ታቅፎ እየሳቀ ገባ።

«እትዬ፣ የሁለት መቶ ዓመት ሥዕል ተገኘ! ባለቤቱ ዋናውን ከቤቱ አያወጣም፤ ፎቶውን ላከልንና ሸራ ላይ አሳተምነው። ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። ልብስ ሰፊዋን ከፍሬሟ ያውጧትና ይህን ይግጠሙልኝ። እሷ እንደሆነች ጠቁራለች፣ መጋዘን ትግባ።»

ልብስ ሰፊዋ የምትባለው ስሙ የጠፋ ሠዓሊ የሣላት፣ መርፌ ላይ ያጎነበሰች ሴት ናት። በእርግጥም ጠቁራለች። እትዬ ፍሬም ግን ይወዷታል፤ ፍሬሟን ሁለት ጊዜ የጠገኑት እሳቸው ናቸው።

አዲሱን ሸራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መስታወት ፊት የቆመች ሴት። «እሰይ፣ እንዴት ታምራለች!» አሉ መጀመሪያ። መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ሸራው ጎንበስ አሉ። ቆይተው ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

«የዚህን መስታወት ፍሬም ይዩልኝ እስቲ። የእንጨቱ መስመሮች ወደ ላይ ይወጡና ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ታጥፈው ወደ ጎን ይሄዳሉ። መጋጠሚያ የለውም! እንጨት እኮ ሊጥ አይደለም።»

«ሠዓሊው ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ሠዓሊ አፍንጫ ያጣምማል፣ ይሁን። ፍሬም ፊቱ አቁሞ እያየ ግን እንዲህ አይስልም። ስንጥቁንስ? ያረጀ ቀለም ሲሰነጠቅ ፊት ነው፣ ግድግዳ ነው ብሎ አይመርጥም። ይኸው ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ጉንጯ እንደ ሕፃን ለስልሷል። ስንጥቁ ለቁንጅናዋ አዝኖላት ነው? ይህ የማሽን ሥራ ነው ጌታዬ።»

የዳይሬክተሩ ጆሮ ቀላ። «ባለሙያ አይቶታል» አለ።

«ማን?»

«ባለቤቱ ራሱ።»

«ወይ ጉድ!»

የዳይሬክተሩ ሳቅ ጠፋ። «ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ነው የቀረዎት። በሰላም ቢወጡ አይሻልም? እስከ ከሰዓት ካልፈረሙ ቁልፉን አስረክበው ይሂዱ» ብሎ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጃቸው ጋ ደውለው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ።

«እማዬ ደግሞ! ይሄን እኮ ኤአይ በደቂቃ ነው የሚሠራው። ማን ያስተውለዋል ብለሽ ነው? ፈርሚና ተገላገይ።»

«እኔ አስተዋልኩት አይደል?»

«አንቺ ብቻ ነሽ!»

«እኔ ብቻ መሆኔ ነው የሚያናድደኝ!» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ፈርተዋል፤ ምን ይዋሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኖሩበት ክፍል እንደ ሌባ መባረር ያስፈራል። ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠ። ሰው ቁጭ ብሎ ዓይኑን ያፈሰሰባት ሴት መጋዘን ልትገባ፣ እጅ ያልነካው ነገር በቦታዋ ሊሰቀል፣ «እውነት ነው» የሚለው ደግሞ የሳቸው ስም ሊሆን! ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ይቅለል አይቅለል፣ ሊሸከሙት አልፈለጉም። ዕቃቸውን አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተቱ፤ መላጊያውን፣ መዶሻውን፣ ሁለቱን መጋዞች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ዳይሬክተሩ ከሰዓት ተመልሶ መጣ።

«ፈረሙ?»

«ወይ ፍንክች! ቁልፉ ያውልዎት።»

«እንዲህ ነው? እኔ ራሴ እፈርማለሁ! ይስጡኝ ወረቀቱን!»

«ደግ» አሉና ወረቀቱንም ብዕሩንም አቀረቡለት። «ስምዎን ከነአባትዎ ይጻፉ። ሁለት መቶ ዓመቱ ነው ይበሉ። ከሥሩ ደግሞ ‹አይቼዋለሁ› ብለው ይፈርሙ።»

ጎንበስ አለ። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ የሴትዮዋን ጉንጭ አየ፤ መጋጠሚያ የሌለውን ማዕዘንም አየ። ወረቀቱን እንደገና አየ። ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እስቲ… መጀመሪያ ባለቤቱን ልጠይቀው» አለ።

«አሃ! በኔ ስም ሲሆን ይፈርሙ፣ በራስዎ ስም ሲሆን ልጠይቅ?»

ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስተው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። እትዬ ፍሬም ሸራውን ጠቅልለው አስታቀፉትና በሩን ከፈቱለት።