አባቴ ለበሬዎቹ የሚነግራቸው

አባቴ የሞተ ዕለት ጠዋት በስልክ የተነገረኝ «ትንሽ አሞታል፤ ብትመጣ ጥሩ ነው» የሚል ቃል ነበር። አገሬው ሁሉ የዚህን ቃል ፍቺ ያውቀዋል። ርቆ ላለ ልጅ «አባትህን ትንሽ አሞታል» ከተባለ ነጠላ አዘቅዝቆ መነሣት ነው። እኔ ግን ንፋስ መውጫ ላይ ለልጆች ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝና ቃሉን እንዳለ ተቀበልሁት። የከሰዓት ክፍሌን አስተማርሁ፤ ደብተር አረምሁ፤ በማግሥቱ ጠዋት የሳል ሽሮፕ ገዝቼ ተሳፈርሁ። ወገዳ ወርጄ፣ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ስደርስ ደጃችን ላይ ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ግጥም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ቀብሩ በዋዜማው በዘጠኝ ሰዓት ተፈጽሟል። ስልኩ እንደተደወለልኝ ብነሣ እደርስ ነበር።

«ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል። እኔ አልነበርሁም፤ አልቀበርሁምም። ይህን ማንም ፊት ለፊት አልነገረኝም፤ የእኛ አገር ሰው ለቅሶ ላይ ጨዋ ነው። ይልቅስ ወንዱም ሴቱም «አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ» እያለ አጠገቤ ሲቀመጥ ሲነሣ ሰነበተ። አጽናኙ በበዛ ቁጥር ንዴቴ ባሰ። በማን እንደተናደድሁ ለማወቅ ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም ነበር።

እናቴ ከሰልስቱ በኋላ አላለቀሰችም። ጥቁር ልብሷን ለብሳ በራፍ ላይ ትቀመጥና ፊቷን ወደ ማሳው አዙራ ትውላለች። ማሳው ከቤታችን ቁልቁል ነው፤ ሰው ቢጣራ ይሰማል። ጎረቤት እዝን ይዞ እየመጣ «ቅመሽ እንጂ፣ ስለ ሟቹ ብለሽ» ይላታል። አንዲት ጉርሻ ትወስድና እንደ ድንጋይ አፏ ውስጥ ታቆያታለች። እኔ እየተመላለስሁ ሳያት፣ በመጣሁ ቁጥር ልብሷ እየሰፋት ሄደ።

አርባው በወጣ ማግሥት የአባቴ ታላቅ ወንድም እኔንና እናቴን አስቀምጠው ተናገሩ። አጎቴ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቤተ ልሔም ደብር ወርደው የድጓን ዜማ ተምረዋል፤ ድምፃቸው ዛሬም ግድግዳ ይነቀንቃል። ነገር ማሽሞንሞን ግን አያውቁም።

«እንግዲህ መሬቱ ምርቱን ለሚያካፍለን እኩል አራሽ ይሰጥ፤ በሬዎቹም ይሸጡ። አንቺም ከልጅሽ ጋር ንፋስ መውጫ ግቢ። እዚህ ብቻሽን ተጎልተሽ ልትሞችብን ነው» አሏት።

እኔም ከቤቴ አስቤበት መጥቼ ነበርና «እማዬ፣ አንድ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው» አልኋት።

እናቴ ወደ ማሳው አየች። በኋላ «ዘንድሮን በገዛ በሬዎቹ ይዘራ፤ መሬቱ ጦም አይደር። ከዚያ ወዲያ እንዳላችሁ» አለች።

«ማን ያርሰዋል?» አሉ አጎቴ።

«ልጁ አለ አይደል?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አጎቴ ከጫማዬ ጀምረው እስከ መነጽሬ ድረስ አዩኝና «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

የፈራሁት ነገር ግልጽ ነበር። እናቴን ከቤቷ ብነቅላት ከተማ ውስጥ አትበረክትም፤ እዚያው ብተዋትም እህል እንቢ እንዳላት ክረምቱን አትወጣም። አባቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ፤ እናቴን ደግሞ ቶሎ ልቀብር ነው እያልሁ ሌሊት ሌሊት እገላበጥ ነበር። ዘሩን ለምን እንደፈለገችው ግን አልገባኝም። ለእህሉ መስሎኝ ነበር።

ከአባቴ ጋር የነበረን ነገር እንዲህ ነው። ብቸኛ ወንድ ልጁ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ለትምህርት ወገዳ ስገባ አልከለከለኝም፤ አልመረቀኝምም። በዚያው ቀጥዬ አስተማሪ ሆንሁ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል በሄድሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እናንተ ዘንድ ዝናብ አለ?» ይለኛል። አለ እለዋለሁ፤ ወይም የለም እለዋለሁ። ከዚያ እሱ ወደ እሳቱ፣ እኔ ወደ ስልኬ። ሃያ ዓመት ስለ ዝናብ አወራን። እርፉን ከእጁ የሚቀበለው ልጅ ጥሎት ስለሄደ እንዳኮረፈኝ ነበር የማምነው፤ ኩርፊያውንም ይዞ የሞተ መስሎኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የሰኔ ጾም ተፈታ፤ ሄድሁ። የበልጉን እርሻ ጎረቤት በደቦ አርሶላት ነበር። አሁን ግን የስንዴ ዘር ሳምንት ነው፤ በዘር ሳምንት ሁሉም በየማሳው ነው፤ ወንድም ለወንድሙ አይደርስም። ያን ጠዋት ጉሙ ገና ከገደሉ አልተነሣም ነበር። አጎቴ ለዕለቱ የሚሆነውን ስንዴ በትነውልኝ፣ ገና በሬ ሳልጠምድ ወደ ራሳቸው ማሳ ተሻገሩ። የእኔ ድርሻ እያረሱ ዘሩን አፈር ማልበስ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ አርሻለሁ፤ እጅ አይረሳም ብዬ ተማምኜ ነበር።

በሬዎቹ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዳለቻ ናቸው። ጠመድኋቸውና «ሂድ!» አልሁ። ቀዩ ወደ ውስጥ ገፋ፤ ዳለቻው ወደ ውጭ ሸሸ፤ ቀንበሩ ተንጋደደ፤ ሁለቱም አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። ጅራፍ ባነሣ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ተፋጠጡ። አስተካክዬ እንደገና ብሞክር ማረሻው መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ ወጣ። ከማዶ ያሉት አራሾች ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። አንደኛው «መምህር! ምነው በሬዎቹን ፈተና ላይ አስቀመጥሃቸው?» ብሎ ጮኸ። ማዶው ሁሉ ሳቀ። ጫማዬ ውስጥ ጭቃ ገብቷል፤ መነጽሬ ጉም ለብሷል፤ እግዜር ያሳያችሁ።

ይህን ጊዜ እናቴ ስትወርድ አየኋት። አባቴ ከሞተበት ከጥር ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከደጇ ርቃ አታውቅም። ድንበሩ ላይ ደርሳ በሬዎቹን አየች፤ እኔን አየች፤ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ደነገጥሁ። እየሳቀች ነበር።

«ልጄ፣ ቀዩ እኮ ግራ ነው! ዕድሜውን ሙሉ በግራ የኖረን በሬ በቀኝ ትጠምደዋለህ?»

ይህን የእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። በሬ ሲገራ የያዘውን ጎን ይዞ ያረጃል፤ የግራው ግራ፣ የቀኙ ቀኝ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከጓደኛው በስተግራ የሄደን በሬ ጎን ብትለውጥበት ዓለም ትዞርበታለች። ቀንበሩን ፈትቼ እያቀያየርኋቸው እናቴ ሳቋን ጨርሳ የቀዩን አንገት ታሻሽ ነበር። እሷም አርባ ዓመት ከአንድ ሰው ጎን የሄደች ሴት መሆኗን ያን ጊዜ አሰብሁ።

አሁን ሄዱ። ግማሽ ትልም ያህል እንደሄዱ ግን ቀዩ ቆመ።

«ንገራቸው እንጂ!» አለች እናቴ ከኋላዬ።

«ምን ልንገራቸው?»

«አባትህ የሚነግራቸውን ነዋ! ዝም ብሎ የሚያርስ ሰው አይተው አያውቁም።»

እውነቷን ነው። ልጅ ሳለሁ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ከማሳው የሚመጣው ድምፁ ነበር። ቤት ሲገባ ቃል የሚሰስት ሰው፣ እርፍ ሲጨብጥ አፉ አያርፍም። ይሳደባል፤ ያሞግሳል፤ ይለምናል፤ ያዜማል። ማታ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ይመጣና ደጃፉን ሲረግጥ ዝም ይላል። የሚናገረውን ሁሉ እዚያ ታች ጨርሶት ይመስለኝ ነበር። ያን ጭቅጭቅ የሚመስል ድምፅ እንዴት ወድጄው እንደነበር ለራሴም ተናግሬው አላውቅም።

እናቴ ድንበሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ አርባ ዓመት ሥራዬን የምሠራው በእሱ ጩኸት ነበር» አለች። «ድምፁ ሲቀጥን ርቦታል፤ ምሳውን አነሣለሁ። ሲያንጎራጉር ደክሞታል፤ ጠላውን እቀዳለሁ። አሁን እነሣለሁ፤ ዝም ይላል። እቀመጣለሁ፤ ዝም ይላል። መቼ እንደሚበላ እንኳን አላውቅም።»

ስድስት ወር ሙሉ «ብዪ» እያልን ስንጨቀጭቃት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም።

«በይ ንገሪኛ፣ ምን ይላቸዋል?» አልኋት።

«ዳለቻውን ‹አንተ የቤት ልጅ፣ ጥላ ፈላጊ!› ይለዋል። ‹ጎረቤት አይሳቅብን፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ!› ይለዋል።»

«ቀዩንስ?»

ትንሽ አመነታች። «ቀዩ ዳተኛ ነው። ሲቆምበት ‹ምነው ቀዩ፣ አንተም እንደ ልጄ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው? እሱስ የሰው ልጅ ሊያስተምር ሄደ፤ አንተ ማንን ልታስተምር ነው?› ይለዋል። ይህን ሲሰማ ይሄዳል።»

«እንዲህ ይል ነበር?»

«ሁልጊዜ! አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚያ ማዶ ያሉት እንኳ ‹ልጅህ አስተማሪ መሆኑን ሰምተናል፤ በሬውን ተወው› ይሉት ነበር።»

እርፉን እንደያዝሁ ቆምሁ። አባቴ በእኔ ይኮራ ነበር። ማዶ ለማዶ እየተሰማ፣ በየጠዋቱ፣ ለቀይ በሬ ሲነግረው ኖሯል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዝናብ ይሆናል። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ መጡብኝ፤ ያን ሁሉ በዓል፣ ያን ሁሉ ዝምታ መልሰው ቢሰጡኝ ብዬ ተመኘሁ።

«በል ንገረው እንጂ፣ ረፈደብን!» አለችኝ እናቴ።

ነገርሁት። ቃል አልለወጥሁም፤ በሬ ማሻሻያ አይቀበልም። «አንተም እንደ ልጄ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?» ብዬ ጮኽሁ፤ ጥሎ የሄደው ልጅ እኔው። ቀዩ ጆሮውን አቆመ፤ ሄደ። ከማዶ ሳቅ አልተሰማም። ዞር ስል እናቴ ዓይኖቿን ጨፍና ታዳምጥ ነበር።

ፀሐይ ከራስ በላይ ስትሆን ድምፄ መቅጠን ጀመረ። እናቴ ሰማችና ብድግ አለች። «ርቦሃል» ብላ ወደ ቤት ወጣች። እንጀራ በሽሮ ይዛ ተመለሰችና አብረን ቀረብን። አንድ አጎረሰችኝ፤ ለራሷ ጠቀለለች፤ ደገመች። እንዳታየኝ ብዬ ወደ በሬዎቹ ዞሬ ነበር የማኝከው።

ከበዓላቱ በቀር አሥር ቀን ያህል እንዲሁ ሆነ። እሷ በራፍ ላይ ሆና ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔ ታች እጮኻለሁ፤ ድምፄ ሲቀጥን ምሳ ይወርዳል። ንፋስ መውጫ የጮኽሁት ጩኸት ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም። ዘሩ ሊያልቅ አንድ ጠዋት ሲቀረው አጎቴ መጡና «እንግዲህ፣ መቼ ነው የምትሄዱት?» አሉ።

«እኔ የትም አልሄድም» አለች እናቴ። «ከመጪው ዓመት መሬቱን ከነበሬዎቹ ያ ማዶ የሚያርሰው የጎረቤታችን ልጅ ለእኩል ይያዘው።»

አጎቴ ተቆጡ። «ያ ለፍላፊ? ስንት ጭምት አራሽ እያለ!»

«ለዚያ እኮ ነው» አለች።

አልተከራከርኋትም። ያዘጋጀሁላት ክፍል ውስጥ ያለው አልጋ ትዝ አለኝ፤ ግን እያወራች ቆሎ ትቆረጥም ነበር፤ ልብሷም እንደ ፊቱ አልሰፋትም።

የመጨረሻው ጠዋት የቀረችው ቁራሽ መሬት ነበረች። እናቴ ድንበሩ ላይ ናት። የአባቴን ስድብ ጨረስሁ፤ ሙገሳውንም ጨረስሁ። ቀዩ መሐል ላይ ሲቆም ምን ልበለው ብዬ አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። «ቀዩ፣ እሱን ሲቀብሩት እኔ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ደብተር አርም ነበር። ብነሣ እደርስ ነበር፤ አልተነሣሁም። አባባ፣ አፈር አላለበስሁህም፤ ይቅር በለኝ!» በለሆሳስ ብናገረው በሬ አይሄድልኝምና በሙሉ ድምፄ ነበር። እንባዬ መነጽሬን ሸፍኖታል፤ ወዴት እንደማርስ አላይም፤ እርፉን ይዤ ብቻ እከተላለሁ። እያለቀስሁ ማሳው ጫፍ ደረስሁ።

እናቴ እዚያ ቆማ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ሰምታለች። አይዞህ ትለኛለች ብዬ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ መጀመሪያ የእሷን ዓይን፣ ቀጥሎ የእኔን ጠረገች፤ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ያረስሁትን አየችው።

«አባትህ ቢሆን» አለች፣ «ይህን ሁሉ ሰምቶ ‹ትልምህን አቅና› ነበር የሚልህ።»

ዞሬ አየሁት። እውነትም ጠሟል። በሬዎቹን መልሼ እንደገና አረስሁት።