የስድስቱ ሴቶች ዝርዝር

ለተኪዳን ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮዋ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። የውርሱም የፍቺውም ጉዳይ በእጇ አልፏል። ከአገር ወደ አገር የሚሄድ ጉዳይ የመጣላት ግን ዘንድሮ ነው። ያመጡላትም የኮንዶሚኒየም ጎረቤቷ እማማ ድንቅነሽ ናቸው።

ልጃቸው ቤርሳቤህ በቤት ሠራተኝነት በሄደችበት ባሕር ማዶ፣ ከአምስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስትጸልይ ታሰረች። በዚያ አገር ከመንግሥቱ ሃይማኖት ውጭ ተሰብስቦ መጸለይ ያስቀጣል። ከመታሰር የተረፈች ጓደኛቸው የስድስቱን ስም በስልክ ላከች። ለተኪዳንም እንዳለ ገልብጣ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጻፈች።

ጉዳዩን የያዙት አቶ ፍሰሐ አካሄዱን አስረዷት። «የሠራተኛ ስምምነት ልንፈራረም ነው፤ ፊርማውን እነሱም ይፈልጉታል። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን ልቀቁ፣ ሠራተኞቻችንንም በእምነታቸው አትንኩ ማለት እንችላለን።» ለተኪዳን በጣም ተገረመች፤ የልደታ ማመልከቻ እስከ መንግሥታት ጠረጴዛ ድረስ መሄድ ይችላል ማለት ነው።

ዓርብ ዕለት መልስ መጣ፦ በእነዚህ ስሞች የታሰረ ሰው የለም። ፊርማው ማክሰኞ ነው።

ለተኪዳን ዝርዝሩን ለእማማ ድንቅነሽ አነበበችላቸው። «ወለተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም…»

«ወለተ ሥላሴ የኔዋ ናት። የክርስትና ስሟ ነው እኮ።»

«እኔ ደግሞ ቤርሳቤህ የቤት ስሟ መስሎኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽፈሽ፣ አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

አብረው የሚጸልዩ ሰዎች የሚጠራሩት በክርስትና ስማቸው ነው፤ ፓስፖርት ደግሞ ያንን ስም አያውቀውም። ጓደኛቸው የምታውቀውን ላከች፣ ለተኪዳን የተላከላትን ጻፈች፣ አሳሪዎቹም በመዝገባቸው አጡት።

እንደ ዕድል ሆኖ ስድስቱም በልደታ ማርያም ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የስድስቱ የክርስትና ስም በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እስከ ቀትር እማማ ድንቅነሽና የቀሩት አምስት እናቶች የልጆቻቸውን የፓስፖርት ኮፒ ይዘው ለተኪዳንን ከበቧት። ሰኞ ጠዋት አቶ ፍሰሐ አዲሱን ዝርዝር ተቀበሉ።

ማክሰኞ ስምምነቱ አልተፈረመም። የእኛዎቹ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ሐሙስ ስድስቱም ተፈቱ፤ ስምምነቱም የአምልኮ ነፃነት የሚል አንቀጽ ተጨምሮበት ተፈረመ።

ቅዳሜ እናቶቹ ወደ ቦሌ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ተከራዩ። ሾፌሩ ዘመድ አዝማዱን ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ከሞላው፣ ስንመለስ ልጆቹ የት ይቀመጣሉ?»

«ጭናችን ላይ ነዋ» አሉት እማማ ድንቅነሽ። «ለተኪዳን፣ ጠጋ በይና ግቢ።»