አባቴ የመረቁት ሜዳ

በአዊ አገር፣ በከተማችን በቆሰበር ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ብቅ ብላ ወጉን እንኳ ሳታደርስ ትሄዳለች። የቀረውን በጉምና በጭቃ እንገፋዋለን። ከቤታችን ጀርባ የነበረውን ሜዳም የማስታውሰው ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ነው። የቀርከሃ አጥራችን ካለቀበት ይጀምርና ወደ ቤተ ክርስቲያን እስከሚወስደው መንገድ ይዘረጋል። የማንም ስላልነበረ የሁላችንም ነበር። ፈረስ ይግጥበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ ሰው ሲሞት ይለቀስበታል።

በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ የነበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ ሙሉ ዕቃው ተጭኖለት፣ ኮርቻው ግን ባዶውን፣ በለቀስተኛው መሃል ሜዳውን ይዞራል። ጓደኞቹ ከኋላው ይጋልባሉ። የአያቴን ፈረስ ልጓሙን ይዘው ያዞሩት አባቴ ነበሩ። ስለ ሞት ሲያነሡ እንደ ሌላው ሽማግሌ ስለ መቃብር አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለዚያ ሜዳ ነው። «እኔን ስትቀብሩ ዳማውን እዚህ አዙሩልኝ፤ ሌላ አልጠይቃችሁም» ይሉኝ ነበር። ዳማው ፈረሳቸው ነው። እሱን በአዊኛ፣ እኛን በአማርኛ ያነጋግራሉ። እናቴ «ምስጢሩ ለፈረሱ፣ ትእዛዙ ለእኛ» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ያኔ ባጃጅ ከተማችንን መሙላት ጀምሮ ስለነበር ወሬውም የመጣው በባጃጅ ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ሜዳው ላይ ግቢ ሊሠራ ነው ተባለ፤ ቢሮ፣ መጋዘን፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ የሥልጠና አዳራሽ። ብዙም ሳይቆይ ለኪዎች መጥተው ችካል ተከሉ። ቤት አከራያለሁ ብሎ የተደሰተ ጎረቤት ነበር። ሥራ የፈታ ልጅ ያለው ደግሞ «ዘበኝነት እንኳ አይጠፋም» አለ። ሴቶቹ ከሜዳው ጥግ ያለችው ምንጭ ታጥራ ልትቀር ነው ብለው ሰጉ። ጎርፉ ወደ ቤታችን ይዞራል፣ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ይዘጋል ያሉም ነበሩ። አባቴ ምን እንደሚያሳስባቸው እኔ አውቃለሁ።

ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ ስጋታችንን እንዲናገሩልን እድሩ አባቴን መረጣቸው። በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ንግግርም ያውቃሉ። ደግሞ እሳቸው ካልጀመሩ ሌላው አይደፍርም፤ ሽማግሌ ሳይናገር አፉን የሚከፍት ጎረምሳ እኛ ሠፈር አሳዳጊ የበደለው ነው። አባቴም ንግግሩን ሲለማመዱት ሰነበቱ። ድንች ስንቆፍር ቆም ይሉና «ልማቱን አንጠላም፣ ዳሩ ግን…» ብለው ይጀምራሉ። «ዳሩ ግን»ዋን ጠበቅ አድርገው ነበር የሚሏት። እኔም «አባባ፣ ድንቹ ሰምቶዎታል፤ አሁን ይቆፍሩ» እላቸው ነበር።

ስብሰባው እዚያው ሜዳ ላይ፣ በእድሩ ድንኳን ሥር ሆነ። የድርጅቱ እንግዶች ትልቅ ሥዕል ይዘው መጡ። መስተዋት በመስተዋት የሆነ ሕንፃ፣ ክራባት ያሰሩ ሰዎች፣ ዙሪያውን ዘንባባ። በቆሰበር ብርድ ዘንባባ! ፈረስ ግን አንድም የለበትም።

የቀበሌው ሰብሳቢ ተነሣ። የሠፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱን ስንቀብር ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን። ወደ አባቴ ዞሮ እጅ ነሣና «አባታችን፣ እንግዶች መጥተውልናል፤ ስብሰባውን በምርቃት ይክፈቱልን» አለ።

አባቴ ጥቂት ዘገዩ። እንቢ ቢሉ እንግዳ ማዋረድ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን ዘረጉ።

«እግዜር ይባርካችሁ።»

«አሜን!»

«ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፤ ክፉ አይንካችሁ።»

«አሜን!»

«የረገጣችሁት መሬት ይለምልም።»

«አሜን!» አልን ሁላችንም፤ እኔም ጭምር።

እንግዶቹ ሥዕሉን አስረዱ፤ ከዚያ ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው?» ብሎ ጠየቀ። ዓይን ሁሉ አባቴ ላይ አረፈ። እሳቸው ግን ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ሣሩን ያዩ ነበር። ከኋላቸው ተቀምጬ ስለነበር ጎንበስ ብዬ «አባባ፣ ይናገሩ እንጂ!» አልኳቸው።

«በመረቅሁበት አፌ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ በሚያውቁት ሕግ፣ የመረቀ ሽማግሌ በተቀመጠበት ተመልሶ አይከስስም፤ ምርቃቱን መብላት ነው። ሽማግሌው ዝም ካሉ ደግሞ ሌላው ከየት ይምጣ? ስለ ምንጯ የሰጋችው ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጎረምሶቹ መሬት መሬት አዩ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት በዚያ ቀን እኛ ሠፈር አልነበሩም። ሰብሳቢው ትንሽ ጠበቀና «እንግዲህ ማኅበረሰቡ በምርቃት ተቀብሎታል» ብሎ አጨበጨበ። ሳያውቅ ነው ያስመረቃቸው የሚሉ አሉ። የእኛው ልጅ ምርቃት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እስከ ዛሬ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ቤት ስንገባ ተቆጣሁ፤ ሕዝብ የሰጠዎትን አደራ እንዴት ይረሳሉ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁባቸው። አባቴ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ አሜን አሰኝቼ መልሼ ልክሰስ? እንዲህ ያለ ሽማግሌ የት አይተሻል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ድንች ስንቆፍር «ዳሩ ግን» የሚል አልተሰማም።

ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ምንጯም፣ መንገዱም ውስጥ ቀሩ። አባቴ ዳማውን በአስፋልቱ ዳር እየያዙ ያግጡት ጀመር፤ ባጃጅ ጥሩምባዋን ባሰማች ቁጥር አንገቱን አቅፈው በአዊኛ ያባብሉታል። ግንባታ ግን አልመጣም። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ የመጣው አንድ ዘበኛ ብቻ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ዝናብ በላውና ዘንባባዎቹ ነጡ።

አባቴ የሞቱት በጉም ወራት ነው። ጎረቤቶቹ ሄደው ዘበኛውን ለመኑት፤ ለአንድ ቀን፣ ለለቅሶው ብቻ ክፈትልን አሉት። «ትእዛዝ የለኝም» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም አብሮ አለቀሰ።

ስለዚህ ለቅሶውን አስፋልት ላይ አደረግነው። ዳማው ሙሉ ዕቃው ተጭኖለት ነበር። የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ወንድም የለኝም። ፈረሰኞቹ አስፋልቱ አዳልጧቸው እንዳይወድቁ ሳይጋልቡ በእርምጃ ተከተሉን። ከኋላ ባጃጆች ተሰልፈው ያጓራሉ፤ አንዱ ቸኩሎ ጥሩምባ ነፋ። ሬሳ ይዘን መንገድ በመዝጋታችን አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ።

የታጠረው ሜዳ በር ላይ ስንደርስ ዳማው ቆመ። ጎተትኩት፤ አልሄደም። በሁለት ቆርቆሮ መካከል ክፍተት ነበረች፤ አፍንጫውን እዚያ አስገብቶ ማሽተት ጀመረ። እኔም ከአንገቱ ሥር አጎንብሼ በክፍተቷ አየሁ። ያለ ፈረስ፣ ያለ ሰው እግር የከረመ ሣር ወገብ ደርሷል። ያን ያህል ለምልሞ አይቼው አላውቅም። የአባቴ ምርቃት ደርሷል።