የወንድሜ አውሮፕላን ሰልባትዮ

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ሰፈር፣ አስፋልት ዳር ባጃጅ እየጠበቅኩ፣ አንዱ ቸርቻሪ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘውን ቤንዚን ሲገለብጥ ጫማዬ ላይ ረጨብኝ። «ይቅርታ እህቴ» አለ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እኔ እዚያ አልነበርኩም። አባታችን ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ስር ሆኜ ወንድሜን እየሰደብኩት ነበር።

ወጣትነት ሲነሳ ሰው ሁሉ ማር ማር የሚል ወሬ ያወራል። እኔ የማስታውሰው ጥል ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ በብየዳ ተመርቄ ከመጣሁ በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አውሮፕላን እንሠራ ነበር። አትሳቁ፤ ሰፈሩ ቀድሞ ስቆብናል። ወንድሜ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነበር። ሐሳቡ የሱ፣ ከአሮጌ ቮልስ የፈታው ሞተርም የሱ፣ ብረቱን ቆርጦ መበየድ የኔ ነበር። ሰው ሲመጣ ግን «እኔ የሠራሁት» ይላል። እኔን «ይቺ ታግዘኛለች» ብሎ ያልፈኛል። ያቺ «ይቺ» ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ሁለት ዓመት ለፋን። ክንፉን አቡጀዲ ስናለብሰው አባታችን እንኳ ገባበት። ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ የወረደ ሸማኔ ነውና ጨርቅ መወጠር ያውቃል፤ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ላልቷል፣ ድገሙት» ይለን ነበር። ሰልባትዮውን፣ ማለትም ቤንዚን የሚይዘውን ጋን፣ ከላሜራ ቆርጬ የበየድኩት እኔ ነኝ። ቦታው ከሞተሩ ኋላ፣ ከአብራሪው ጉልበት በላይ ነበር። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ዕለት ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ጓሮ ያለው ሙዝ ውስጥ ገብተው ተደበቁ፣ እኛም ተቃቅፈን ጨፈርን። በሦስተኛው ቀን ወንበሩ ላይ ቤንዚን ተንጠባጥቦ አገኘን።

«የሴት ብየዳ!» አለ ወንድሜ፣ ጎረቤት ቆሞ እየሰማ። «ወንፊት ነው የሠራሽልኝ።»

ደሜ ፈላ። ባትሪ ይዤ ስሩ ገብቼ አየሁት። ብየዳዬ ላይ አንድ ጠብታ የለም። የተሰነጠቀው እሱ በብሎን ያሰረበት ቦታ ነው። ላሜራውን ከብረቱ ጋር፣ መሃሉ ጎማ ሳያስገባ፣ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ላሜራው ሲላጋ ሰንብቶ ደከመና ተሰነጠቀ። ወጥቼ ነገርኩት።

«ጎማ ጎማ እያልሽ ጥፋትሽን አትደብቂ» አለኝ።

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? የልብስ ሳሙና አምጥቶ ስንጥቁን ለቀለቀው። ለሚያፈስ ሞተር ሳይክል ሁሌ የሚያደርገው ነው። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም፤ ባለንብረቱን ቤቱ ድረስ ያደርሰዋል። «ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ቢቆም በእግርህ ትሄዳለህ፤ ከሰማይ በምንህ ልትወርድ ነው? ይፈታና ሌላ ይሠራ» አልኩት። እምቢ አለ። ሳሙናውን ነጥቄ ጭቃ ውስጥ ወረወርኩት። እሱ ደግሞ በእጁ የነበረውን የብሎን ቁልፍ ወረወረብኝ፤ ጆሮዬን ለጥቂት ስቶ የቆርቆሮውን በር በሳው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆንን። አንድ ግቢ እያደርን፣ የምንነጋገረው በአባታችን በኩል ነበር። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው» እላለሁ። «ለዚያች ንገራት» ይላል። እንዴት እንደጠላሁት! ፉጨቱን ጠላሁ፣ ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ ጠላሁ፣ ያጠበው ሸሚዝ ከልብሴ አጠገብ ሲሰጣ እንኳ የኔን አንስቼ ሌላ ቦታ እወስድ ነበር።

አባታችን ሲጨንቀው ታላቅ ወንድሙን ከኦቾሎ አስጠራ። አጎታችን የመጣው በጠዋት ነው፤ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ከአጥሩ ስር እርጥብ ሣር ነጨ፣ እኔንና ወንድሜን ፊት ለፊት አቆመን፣ ሣሩን በመሃላችን አስቀምጦ ተንበረከከ። ይህ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። የጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ያን ሣር የሚሻገር ሰው የለም። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይቼ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«አንተ ልጄ» አለኝ፤ በአማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበር። ወደ ወንድሜም ዞረ። «አንተም። አዲስ ጋን ይሠራ። ማን ሰበረ፣ ማን በሳ፣ ከዛሬ በኋላ አይነሳም። ዛሬ ቀበርነው። የሚቆፍር ሰው፣ ጎሜ ነው።»

ጎሜ ነውር ብቻ አይደለም። የጣሰው ሰው ቤት ላይ መዓት ይጠራል፤ እኛ ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። ሁለታችንም እሺ አልንና አጎታችንን ደግፈን አነሳነው። ተሳሳምን። የወንድሜ ጉንጭ ሲነካኝ ዘገነነኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው ነበርኩ።

አዲሱን ሰልባትዮ በአራት ቀን ጨረስኩት። ወፈር ካለ ላሜራ ሠራሁት፤ ውሃ ሞልቼ ባሳድረው ውጪው እንደ ደረቀ ነጋ። አሮጌውን ፈትተን አወጣን። እኔ አዲሱን ከአንድ ወገን ደግፌ ያዝኩ፣ እሱ ከስር ገብቶ ማሰር ጀመረ። ብሎኑን አስገባ። ጎማ የለም። እንደ በፊቱ ላሜራውን ከብረቱ ጋር ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ፊቱ ከፊቴ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው፤ ላቡ ይሸተኝ ነበር።

«ጎማ አላስገባህም» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ይህን ማለት የመጀመሪያውንም የሰነጠቅከው አንተ ነህ ማለት ነበር፤ የተቀበረውን መቆፈር ነበር። ዝም አልኩ። ለአጎቴ ሣር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እሱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ «ይሰንጠቅና ይየው» የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ቤንዚኑ ፈስሶበት፣ ብየዳዬ ደህና፣ ብሎኑ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቶ ሲያፍር ላየው ፈለግሁ። እሳት ግን አላሰብኩም። በፈጠረኝ፣ እሳት አላሰብኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ወሰድነው። ከአባያ የሚነፍሰው ነፋስ ሣሩን ያስተኛው ነበር፤ ሐይቁ በሩቁ እንደ ሸክላ ቀልቶ ይታያል። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ መጥቶ አንድ ዳር ተደርድሯል። ወንድሜ ተሳፍሮ ሞተሩን አስነሳ፤ አውሮፕላኑ ሁለቴ ሮጦ ተመለሰ። በሦስተኛው ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ። አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን በረረ! ጥሉን ረስቼ፣ ነጠላዬን ጥዬ፣ እየጮህኩ ተከተልኩት። መሬት ሲነካ ነጠረ፣ ደግሞም ነጠረ፣ ከወንድሜ ጉልበት አካባቢ ነበልባል ብልጭ አለ።

አውሮፕላኑ ወደ ሕፃናቱ ነበር የሚንደረደረው። ወንድሜ መዝለል ይችል ነበር፤ አልዘለለም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እሳቱ እጁ ላይ እየነደደ፣ ወደ ባዶው ሜዳ አዞረው። ጎትተን ስናወጣው ክንፉ ነዶ አልቆ ነበር።

ሆስፒታል አምስት ሳምንት ተኛ። እጆቹ እስከ ክርናቸው ተጠቅልለው ስለነበር የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የአሳ ጥብስ ይዤለት ሄጄ፣ አጥንቱን እየለቀምኩ ሳለሁ ድንገት ተናገረ።

«አባባ የተቃጠለውን ሰልባትዮ አምጥቶ አሳየኝ። ብየዳሽ አልተላቀቀም። የተሰነጠቀው እኔ ያሰርኩት ጋ ነው። ያኔም እኔው ነበርኩ።»

«ተው፣ አይነሳም ተብሏል» አልኩት።

«ይነሳ። አንቺ ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ።» እንባው ወደ ጆሮው ወረደ፤ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት።

ሁለተኛውን ጊዜ ያለ ጎማ ሲያስር ቆሜ እንዳየሁ አያውቅም። ዛሬም ጣቶቹ ቁልፍ አይጨብጡም፣ ዛሬም አልነገርኩትም። ያን ቀን አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጣ። እሱም የጉርሻው ተራ የደረሰ መስሎት አፉን ከፈተልኝ። አሳውን ደጋግሜ በጣቶቼ ዳበስኩ፤ ጉሮሮውን የሚወጋ አንዲት አጥንት እንኳ እንዳልቀረች አረጋግጬ አጎረስኩት።