በግዞት የቀረ ተራ

በወረራው ጊዜ ጣሊያን እናቴን ሶማሌ አገር፣ ባሕር ዳር፣ በሽቦ ወደታጠረ ካምፕ አግዟት ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ የሚታደለው ጋሌጣ የሚሉት ደረቅ ብስኩት ትል የበላው ነው፣ ተቅማጡ ደግሞ ሰው ይጨርሳል። እዚያ የታሰሩ ሴቶች ያለ ቄስ የማርያም ማኅበር አቋቋሙ። ጽዋቸው ባዶ የሥጋ ቆርቆሮ ነበር። ባለተራዋ ከድርሻዋ ላይ ጋሌጣ እየቀነሰች ታጠራቅምና፣ ወር በገባ በሃያ አንድ ሌሎቹን ታበላለች። እንዲህ እየተደጋገፉ በወር አንዴ እንኳ ከራብ ፋታ ያገኙ ነበር። የእናቴ ተራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደ ሌላ ካምፕ ወሰዷት።

በሃምሳዎቹ ዓመታት የካ ተራራ ሥር እንኖር ነበር። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመን ወርደን ሾላ ገበያ እንሸጣለን። ወገቤ ተቆርጦ ቤት ስገባ እሷ ያንኑ ተራዋን ታነሣብኛለች።

“እማዬ፣ ማርያም አትቀየምሽም፤ ተይው በቃ!”

“እነሱ አብልተውኛል። ሳላበላቸው ብሞት ነፍሴ አታርፍም።”

አንጀቴ እርር ይል ነበር። የሞተው ሞቶ፣ የቀረውን ከየት አምጥታ ልታበላ ነው?

አንድ እሑድ ከየካ ሚካኤል ስንወጣ እናቴ የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ጨምድዳ ያዘች። ከካምፑ ማኅበርተኞቿ አንዷ ነበረች። ተላቀሱ፤ ለማርያም ቤታችን ጠራቻት። ዳቦ መድፋቱ፣ ጠላ መጥመቁ፣ ጣጣው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ፤ እኔም ስነጫነጭ ሰነበትኩ።

ሴትዮዋ በቀኑ መጣች። አቀበቱ አድክሟት ስለነበር ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት። እናቴ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠቻት። እሷ ግን ቁራሹን እንደያዘች ቀረች።

“ያን ጊዜ ያጠራቀምሽው ጋሌጣ የት ደረሰ?” አለቻት።

እናቴ መሬት መሬት ታይ ጀመር።

“ሲወስዱን፣ መኪናው ላይ፣ ብቻዬን በላሁት። የናንተን ድርሻ።”

ያን ሁሉ ዓመት ስታወራልኝ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም። በጣም አሳዘነችኝ። ሴትዮዋ ተቆጥታ ትነሣለች ብዬም ፈራሁ።

“ጠገብሽ?” አለቻት።

“አልጠገብኩም።”

“እንግዲያ ብዪ” አለችና፣ ከያዘችው ቁራሽ ገምሳ እናቴን አጎረሰቻት።