በጉም ውስጥ «አቤት» ያላለችው ልጄ

ይህ ነገር የደረሰብን ትልቋ ልጄ ሒክማ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ሳምንት ሲቀራት ነው። አሁን ስድስተኛ ክፍል ሆናለች። በእነዚህ ዓመታት ለጎረቤቱም ለደንበኛውም ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ነገር ግን ባወራሁት ቁጥር አንድ ነገር እዘላለሁ። ስጽፈው ላልዘል ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

የምንኖረው ዳባት ነው። ከባለቤቴ ከኑሩ ጋር ገበያው ዳር የልብስ ሱቅ አለን። ኑሩ ሱቅ ከመክፈታችን በፊት ቱሪስት የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ የድንኳን አመል የያዘው ያኔ ነው። በየዓመቱ «ልጆቹን አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ላሳድራቸው» ይላል፣ እኔም በየዓመቱ ሰበብ እፈጥራለሁ። በዚያ መስከረም ሰበቤ አልቆብኝ ነበር።

ያን ሰሞን አማቴ እማማ ዘሀራ ከመተማ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። የቆላ ሰው ናቸው። ዳባት በገቡ በማግሥቱ ሁለት ጋቢ ደርበው «ይህን ብርድ ምን አድርጋችሁ ነው የተፈረደባችሁ?» ይሉን ጀመር። ሜዳ ላይ ልናድር መሆኑን ሲሰሙ ኑሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ቤት እያላችሁ?»

«ለመዝናናት ነው፣ እማ።»

«ቤታችሁ ምን አደረጋችሁ?»

እንዲህ ይበሉ እንጂ በጉዞው ቀን ከሁላችንም ቀድመው መኪናው ውስጥ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ለጅብ ትተው ቤት ሊቀመጡ እንዴት ብሎ!

እማማ ዘሀራ አንድ የማይለቁት ልማድ አላቸው። ከክፍል ክፍል ቢዘዋወሩ እንኳ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሳይሉ አይገቡም። ሰላምታውን ያልመለሰ ልጅ ከቦርሳቸው ተምር አያገኝም። በመጡ በሳምንታቸው የአራት ዓመቱ ያሲን ሳይቀር እንቅልፍ እየጣለው «ወዐለይኩም ሰላም» ማለት ለመደ። እኔ ይህን ልማዳቸውን ወድጄላቸው ነበር። ያልወደድኩት ሌላውን ነው።

የሄድነው ኮሶዬ አካባቢ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ወዳለ የሣር ሜዳ ነው። ኑሩ ድሮ እንግዶች ያመጣበት ነበር። ሜዳው በአንድ በኩል በገደል ያልቃል። ከማዶ ሌላ ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል። በመካከል ያለውን ጥልቀት አንገቴን አስግጌ አየሁት። «እዚህ ነው ልጆች ይዘን የምናድረው?» አልኩት። ኑሩ ሣቀና ድንኳኑን ከገደሉ ርቆ፣ የአስታ ቁጥቋጦ ከበዛበት በኩል ተከለው።

መሬቱ ጋሼ ማሩ የሚባሉ ገበሬ ነው። ቤታቸው ከዚያው ከገደሉ ጠርዝ ሳይርቅ ወደ ግራ በኩል ይታያል። ሰላም ብለውን፣ ልጆቹን መርቀው ሲያበቁ እንዲህ አሉን፦

«እደሩ፣ ደግ ነው። ብቻ ጉም ከመጣ ካላችሁበት አትነሡ። ጉሙ ከቆላው ነው የሚነሣ፤ ሲመጣ አይታወቅም።»

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እሺ አልናቸው እንጂ ልብ ያለውም የለ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ድንኳኑ ውስጥ ተሰብስበን ዳቦ በሻይ እየበላን ነበር። እማማ ዘሀራ ልጆቹን ወደ ጉያቸው ሳቧቸው።

«ስሙኝ። በማታውቁት አገር ሰውየውን ሳታዩ ስማችሁ ከተጠራ ‹አቤት› አትበሉ። የጠራችሁ ሰው ከሆነ መጥቶ ያገኛችኋል።»

«ሰው ካልሆነስ?» አለች ሒክማ።

«ካልሆነማ ዝም ስትዪው ይሄዳል።»

የልጅቷ ዓይን ፈጠጠ። ያሲን የኔን ቀሚስ ጨብጦ አልለቅም አለ። ደሜ ፈላ። ሱቅ ውስጥ ሥራ በዝቶብኝ ስጠራቸው ቶሎ «አቤት» እንዲሉኝ ስንት ዓመት ያስተማርኳቸውን ልጆች በአንድ ምሽት ሊያበላሹብኝ! ለአማት ክብር ብዬ ያን ጊዜ ዋጥኩት።

ሌሊቱ ከብርዱ በቀር ክፉ ነገር አልነበረውም። ጠዋት ግን እማማ ዘሀራ ሰግደው ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ውሃ እያፈላሁ ሳለ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ይህ ቦታ አልጣመኝም። ልጆቹ ቁርስ ይብሉና እንሂድ» አሉኝ።

«እማማ፣ ልጆቹን አያስፈራሩብኝ እንጂ ቦታው ምን አለው?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ሒክማን ጠርቼ እሳቸው እየሰሙ «እኔ ስጠራሽ አቤት ትያለሽ፤ የማታው ተረት ነው» አልኳት። ልጅቷ እኔንም አያቷንም ተራ በተራ አየችን። እማማ ዘሀራ ተነሥተው ጋቢያቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ።

ከቁርስ በኋላ ሒክማ ሽንቷ መጣ። «ከዚያ ቁጥቋጦ ጀርባ፤ ሩቅ እንዳትሄጂ» አልኳት። ፀሐይ ነበር፤ የለበሰችው ቀይ ሹራብ በቅጠሉ መካከል ይታየኛል። ጎንበስ ብዬ የሻይ ብርጭቆዎቹን አጠብኩ። አምስት ብርጭቆ ማጠብ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ቀና ስል ቁጥቋጦው የለም።

ጉሙ ከገደሉ አፍ ወጥቶ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ድምፅ የለው፣ ነፋስ የለው። የዘረጋሁት እጄ ጣቶቼ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። ኑሩን አጠገቤ ቆሞ እንኳ በጥላው ነው የለየሁት።

«ሒክማ!» አልኩ።

ዝም።

«ሒክማ! ነይ ወደዚህ! ሒክማ!»

ኑሩ «ወደ መኪናው ሄዳ ይሆናል» ብሎ እየሮጠ ጉሙ ውስጥ ገባ። የእሱም ኮቴ ወዲያው ጠፋኝ። እኔ እዚያው ቆሜ ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። በጩኸቴ መካከል ከሩቅ አንድ ነገር የሰማሁ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከልጄ «አቤት» ሌላ ጆሮዬ የሚቀበለው ነገር አልነበረም።

እማማ ዘሀራ ያሲንን በጋቢያቸው ወገባቸው ላይ አስረው መጡና ክንዴን ያዙኝ። ጆሯቸውን ወደ ገደሉ በኩል አዘንብለዋል።

«ዝም በይ፣ ልጄ። አትጥሪያት።»

«ምን አሉኝ?»

«ስሟን አትጥሪ። የሚሆን ነገር አይደለም፣ ዝም በይ።»

ሁልጊዜ የምዘለው ይህን ነው። ክንዴን መንጭቄ «እርስዎ ነዎት! የልጄን አፍ የዘጉት እርስዎ ነዎት! ምነው እግርዎ በተሰበረ፣ ባልመጡብን!» አልኳቸው። የባሌን እናት፣ የልጄን አያት እንዲህ አልኳቸው። ያሲን ወገባቸው ላይ ሆኖ ሰምቶኛል።

እማማ ዘሀራ አልተቆጡም። ያሲንን ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት። መመርኮዣ ዱላቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ ጉሙ ዞረው፣ ጩኸት በሌለው፣ ሁልጊዜ ወደ ክፍል ሲገቡ በሚሉበት ድምፅ፣

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ።

ከዚያ ካላሰብኩት አቅጣጫ፣ እጅግ ቀጭን ሆኖ፣ እያለቀሰ፣

«ወዐለይኩም ሰላም» የሚል መጣ።

ልሮጥ ስል እማማ ዘሀራ በዱላቸው ደረቴ ላይ አገዱኝ። «ካለሽበት አትነሺ። የመሬቱ ባለቤት ያለን ይህን ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ «ሒክማዬ፣ ቁጭ በይ። እኔ ነኝ ወዳንቺ የምመጣ» አሉና ሄዱ።

መሬቱን በዱላቸው እየነኩ ነበር የሚሄዱት። ጥቂት ይራመዱና ይቆማሉ፤ «አሰላሙ ዐለይኩም» ይላሉ። ልጄ ትመልሳለች። ደግሞ ይራመዳሉ። ጉሙ ከዋጣቸው በኋላ ሁለቱን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው። አንዱ እየራቀኝ ሄዶ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ሰማሁ። እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ጊዜ በሕይወቴ አላየሁም። ያሲን አንገቴን አንቆ ይዞ፣ አያቱ ሰላምታ ባሉ ቁጥር እሱም በሹክሹክታ ይመልስ ነበር።

ተያይዘው መጡ። የሒክማ ቀይ ሹራብ ከጉሙ ሲወጣ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አቅፌያት «ለምን አቤት አላልሽም?» አልኳት። ልጅ ከሞት ስትመለስም እናት የምትቆጣው ነገር አታጣም።

«ሁለት ቦታ ሆነሽ ጠራሽኝ» አለች።

«የት የት?»

«ከዚህም ትጣሪያለሽ፣ ከዚያም ትጣሪያለሽ። የዚያኛው ነበር ደህና የሚሰማኝ። ትንሽ ወደሱ ሄድኩ። ከዚያ የትኛዋ አንቺ እንደሆንሽ ስላላወቅሁ፣ አያቴ ያለችው ትዝ አለኝና ድንጋዩ ሥር ቁጭ አልኩ።»

«የዚያኛው» ስትል በእጇ ያሳየችው ገደሉን ነው።

ፈርታ የምትቀባጥር መስሎኝ ነበር። ኑሩም ድምፃችንን ተከትሎ መጣ፤ ሲያያት አለቀሰ። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ ሌላ ኮቴ ተሰማ፤ ጋሼ ማሩ ትከሻቸው ላይ የጭነት መጫኛ ገመድ ጠምጥመው፣ እያለከለኩ ብቅ አሉ።

«ማን ነው የወደቀ?» አሉ።

«ማንም አልወደቀም» አለ ኑሩ።

«እንዴት አልወደቀ! ሴት ከገደሉ ውስጥ ስትጣራ በጆሮዬ ሰማሁ እኮ። ሒክማ፣ ሒክማ ትላለች። ‹ነይ ወደዚህ› ትላለች። ይህን መጫኛ ይዤ የሮጥሁ ለሷ አይደል?»

ጋሼ ማሩ ፊታችንን አይተው፣ በተለይ የኔን፣ ነገሩ ገባቸው።

«አይ… አንቺ ኖረሻል። ያ የማዶው ገደል ድምፅ ይመልሳል። ከዚህ የተጣራው ከዚያ ነው የሚሰማ። እኛ ጉም ሲሆን ሰው በስሙ አንጠራም፤ ሄደን ነው የምንፈልግ።»

«ትናንት ምነው አልነገሩንም?» አላቸው ኑሩ።

«ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝማ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገደል አጠገብ ተወልዶ ላደገ ሰው የሚነገር ነገር አልነበረም።

ጉሙ ረፋዱ ላይ ሲነሣ ሄደን አየነው። ከቁጥቋጦው ወዲያ መሬቱ ወደ ገደሉ ዝቅ ይላል፣ በእኛ በኩል ያለው ጉብታ ድምፅ ይጋርዳል፤ ለዚህ ነው የኔ ድምፅ ከዚያኛው ይልቅ ደክሞ የደረሳት። ከድንጋዩ ወዲያ በኑሩ እርምጃ አራት ነው። ከአራተኛው በኋላ መርገጫ የለም። በእርጥቡ ሣር ላይ የትንሽ ጫማዋ ዱካ ከቁጥቋጦው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ሄዶ፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቆሟል።

ያን ዱካ እስከ ዛሬ አያለሁ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮህኩት ልጄን ለማዳን መስሎኝ ነው። በገዛ ድምፄ፣ በገዛ ስሟ፣ «ነይ ወደዚህ» እያልኩ ወደ ገደሉ ስጠራት የነበርኩት እኔ ነኝ። እንዳስተማርኳት «አቤት» ብላ ብትመጣልኝ ኖሮ…

ድንኳኑን ነቅለን ስንመለስ ሒክማ በእማማ ዘሀራ ጭን ላይ ተኝታ ነበር። ከፊት ወንበር ዞሬ «እማማ፣ ያን ያልኩዎትን…» ብዬ ጀመርኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ምን አልሽኝ?» አሉ። «ጉም ውስጥ ሆኜ የተባለውን ሁሉ እሰማለሁ እንዴ? ይልቅ መስኮቱን ዝጊልኝ፣ በብርድ ገደላችሁኝ።»

መስማታቸውን ግን አውቃለሁ።

ያስተማሯት ነገር ምን እንደሆነ እስካሁን አልቆረጠልኝም። የሚጣራ ክፉ ነገር አለ ብዬ አላምንም፤ ማዶ ያለ ድንጋይ ነው። ግን እኔ ያላመንኩበት ነገር ልጄን አስቀመጣት፤ እኔ ያመንኩበት ሊወስዳት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ከሩቅ በስማቸው ጠርቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ሒክማን ፈለግኋት፤ ከጓዳ ነበረች። አንዷ ደንበኛዬ «ጥሪያት እንጂ!» አለችኝ። ሜትሩን ጨርቁ ላይ አስቀምጬ ተነሣሁና መጋረጃው ጋ ሄጄ «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩ።

እስክትመልስልኝ ድረስ፣ ያቺ አንዲት ትንፋሽ ታህል ጊዜ፣ እዚያው ጉም ውስጥ ነኝ።